ክርክር፦ «ብትያዙ አናውቃችሁም» የሚል መንግሥት እና የምንወዳቸው ሰላዮች

የማታ ተመልካች፦
ሰሞኑን የድሮውን ሚሽን ኢምፖሲብል ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሬ እያየሁ ነው፣ የቶም ክሩዝን ፊልሞች ማለቴ አይደለም፣ ከ1966 እስከ 1973 በአሜሪካው ሲቢኤስ የታየውን የቲቪ ተከታታይ ነው፣ 7 ሲዝን፣ 171 ክፍል (ዓመቶቹንም ወሮቹንም ቀኖቹንም በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። አጀማመሩን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። የቡድኑ መሪ ጭር ያለ ቦታ ሄዶ የተደበቀ ቴፕ ያገኛል፣ ድምፁ እገሌ የሚባል ሰው በእንትን አገር እንዲህ ሊያደርግ ነው አስቁመው ይለዋል፣ ቀጥሎ ከናንተ አንዱ ቢያዝ ወይ ቢሞት ባለሥልጣኑ አላውቃችሁም ብሎ ይክዳል ይለዋል፣ ከዛ ቴፑ በ5 ሴኮንድ ጢስ ሆኖ ይጠፋል። ልጅ እያለሁ የምጠብቀው ጢሱን ነበር። አሁን ጆሮዬ ላይ የምትቀረው ያቺ «አላውቃችሁም» የምትለዋ ናት።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ መንግሥት ሲነቃበት ሊክደው ያሰበውን ሥራ በስውር ሰዎች ማሠራት አለበት ወይ? እነዚህ ተከታታዮችስ ይሄን ነገር እንደ ጀግንነት አላስለመዱንም ወይ? አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፣ ማሠራት የለበትም፣ እና አዎ አስለምደውናል። አንድ የተለመደ አጨራረስ አለው፣ ቡድኑ ራሱ አይገድልም፣ ሰውዬውን በገዛ ጓደኞቹ ፊት ከሃዲ አስመስሎት ውልቅ ይላል፣ እነሱ መኪና ውስጥ ሲገቡ ከውስጥ ተኩስ ይሰማል፣ ዞር ብሎ የሚያይ የለም፣ ሙዚቃው ይገባል። እኔም አብሬ ደስ ብሎኝ ነው ያደግኩት፣ አሁን ነው ያሳሰበኝ።

ፊልም ወዳድ፦
ወንድሜ በጣም አከበድከው። እኔ ያን ተከታታይ የምወደው ጠመንጃ ሳይሆን ጭንቅላት ስለሚያሠራ ነው፣ ሙሉ 50 ደቂቃ ሰዎች በዝምታ ሲሠሩ ታያለህ፣ አንዱ ግድግዳ ይበሳል፣ አንዱ ጭምብል ይለጥፋል፣ አንዱ ሰዓት ይቆጥራል፣ እንደዛ ተመልካቹን አምኖ ዝም የሚል ቲቪ ዛሬ የታለ? ደግሞ ባርኒን አትርሳ፣ ግሬግ ሞሪስ የሠራውን ማለቴ ነው፣ በ1966 በአሜሪካ ቲቪ ጥቁር ሰው የቡድኑ መሐንዲስ ሆኖ፣ ኤሌክትሮኒክሱን ሁሉ የሚያውቀው እሱ ሆኖ መታየት ቀላል ነገር አልነበረም። የቡድኑን ሴት የሠራችው ባርባራ ቤይንም በተከታታይ 3 ዓመት ኤሚ የሚባለውን የአሜሪካ ቲቪ ሽልማት የወሰደችው ለማጌጫ የገባች ሴት ስላልሆነች ነው፣ ተልእኮው አብዛኛውን ጊዜ እሷ ላይ ነው የሚቆመው። አገሮቹም ቢሆኑ አብዛኞቹ የፈጠራ ናቸው፣ ቋንቋው ሳይቀር የተፈጠረ ነው፣ በር ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ እይ እስቲ፣ የየትም አገር አይደለም። ፊልም አይቶ ሕግ የሚማር ሰው የለም።

ቁም ነገሩ ላይ ልምጣ። ስውር ሥራ ባይኖር ኖሮ በ1980 ኢራን ቴህራን ውስጥ፣ ኤምባሲያቸው ተይዞ ሌሎቹ ከታገቱ በኋላ፣ ካናዳውያን ዲፕሎማቶች ቤት ተደብቀው የነበሩት 6 አሜሪካውያን ምን ይሆኑ ነበር? የአሜሪካው ስለላ ድርጅት የሲአይኤ ሰው ቶኒ ሜንዴዝ ሆሊውድ ውስጥ የሌለ የፊልም ድርጅት ከፈተ፣ ስልክ ያለው፣ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ያወጣ፣ ስድስቱን የካናዳ ፓስፖርት አስይዞ የፊልም ሠራተኞች አደረጋቸውና በስዊስኤር አውሮፕላን ይዟቸው ወጣ። አንዲት ጥይት አልተተኮሰችም። የሲአይኤ ድርሻ በይፋ የተነገረው በ1997 ነው፣ እስከዛ 17 ዓመት ሙሉ ምስጋናውን ካናዳ ነበር የወሰደችው። ይሄም ክህደት ነው እንግዲህ፣ ምን ክፋት አለው?

የማታ ተመልካች፦
ቴህራኑን እቀበላለሁ፣ ያውም ደስ እያለኝ። ግን እስቲ ሌላውን ቡድን ልንገርህ። ተከታታዩ በመጋቢት 1973 አለቀ። በዛው ዓመት ሐምሌ 21 ኖርዌይ ውስጥ ሊልሃመር በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ ሞሮኳዊ የምግብ ቤት አስተናጋጅ ከነፍሰ ጡር ሚስቱ ጋር ሲኒማ አይተው በአውቶቡስ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፣ ከአውቶቡስ ወርደው ሲሄዱ የእስራኤል ስለላ ድርጅት የሞሳድ ሰዎች ሚስቱ ፊት ተኩሰው ገደሉት። አሕመድ ቡሺኪ ነው ስሙ። የፈለጉት እሱን አልነበረም፣ በ1972 ሙኒክ ኦሎምፒክ ላይ የእስራኤል ስፖርተኞች የተገደሉበትን ጥቃት አቀነባብሯል ያሉትን ሌላ ሰው ነበር የሚያድኑት፣ ተሳሳቱ። በማግስቱ ሁለቱ በዛው በተከራዩት መኪና ኤርፖርት ሲሄዱ ታርጋው ተመዝግቦ ስለነበር ተያዙ፣ ከዛ ተከታትለው 6 ሰው ተያዘ፣ 5ቱ ተፈረደባቸው፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሁሉም ወጥተዋል። እስራኤል ካሳ የከፈለችው በ1996 ነው፣ ያውም ጥፋቱ የኔ ነው ሳትል።

አየህ ቴፑ ላይ ያለችው ዓረፍተ ነገር እዚህ ጋ ነው ሥጋ የለበሰችው። ቴህራን ላይ ክህደቱ የሚጠብቀው ሰዎችን ነው፣ የረዱትን ካናዳውያን፣ እዛው የቀሩትን ታጋቾች። ሊልሃመር ላይ ክህደቱ የሚጠብቀው ያዘዘውን ባለሥልጣን ነው። ለኔ ልዩነቱ ይሄ ነው፣ ተከታታዩ ግን ሁለቱንም በአንድ ሙዚቃ ነው የሚያሳየን።

ፊልም አይቶ የሚማር የለም ላልከው ደግሞ፣ ትዌንቲ ፎር የሚባለውን የአሜሪካ ቲቪ ተከታታይ ታውቀዋለህ፣ መርማሪው በየክፍሉ ሰው አሰቃይቶ መረጃ የሚያወጣበት። በ2006 የአሜሪካው የዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ዲን ብርጋዴር ጄኔራል ፓትሪክ ፊኔጋን ራሱ ተነስቶ ፊልሙ የሚሠራበት ቦታ ድረስ ሄዶ አዘጋጆቹን ለምኗል፣ የማስተምራቸው ወጣቶች ማሰቃየት ይሠራል ብለው እያመኑብኝ ነው፣ ሕጉን ላስረዳቸው እየተቸገርኩ ነው ብሎ። የወደፊት መኮንኖች ናቸው እኮ፣ ሕፃናት አይደሉም።

ዝምታ ወርቅ፦
ሁሉም አገር ያደርገዋል፣ የማያደርግ ካለ ጥቃት የሚደርስበት እሱ ነው። ጠላትህ ሕግ ሳያውቅ አንተ ሕግ ስታነብ ያድርሃል። በቃ።

ሕግ አንባቢ፦
ሁሉም ያደርገዋል ማለት እንዴት ይደረግ የሚለውን ጥያቄ አይዘጋም ወንድም። ፈረንሳይም አድርጋዋለች፣ በ1985 ኒውዚላንድ ኦክላንድ ወደብ ላይ የቆመችውን የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቱን የግሪንፒስን መርከብ ሬይንቦው ዋሪየርን ስውር ቡድኗ በፈንጂ አሰመጣት፣ መርከቧ የኒውክሌር ሙከራ ልትቃወም የምትሄድ ነበረች፣ ፈርናንዶ ፔሬራ የተባለ ፎቶግራፈር ውስጥ ቀርቶ ሞተ። ከቡድኑ ሁለቱ አዲስ የተጋቡ የስዊስ ባልና ሚስት መስለው ነበር የገቡት፣ የተያዙት የተከራዩትን መኪና ሊመልሱ ሲሄዱ ነው። ከላይ የጻፍከው ሊልሃመርም በኪራይ መኪና መሆኑ ይገርማል። ፓሪስ ለሁለት ወር ያህል አናውቅም ስትል ከረመች፣ መስከረም ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፋቢዩስ ወጥቶ አዎ እኛ ነን አለ፣ የመከላከያ ሚኒስትሩ ለቀቀ። እስቲ ልጠይቅህ፣ ያ ጥቃት ከማን ነው ፈረንሳይን ያዳናት? ካሜራ ከያዘ ሰው?

እኔ ግን ከማታ ተመልካችም እለያለሁ። ስውር ሥራ ይቁም አልልም፣ በሕግ ታስሮ ይሠራ ነው የምለው። አሜሪካ ውስጥ በ1975 የቸርች ኮሚቴ የሚባለው የሴኔት ኮሚቴ ሲአይኤ የውጭ መሪዎችን ለመግደል ያሴራቸውን ነገሮች አወጣ፣ በ1960 ለኮንጎው መሪ ለሉሙምባ ተብሎ ኮንጎ ድረስ የተላከውን መርዝ ጨምሮ (መርዙ ሥራ ላይ አልዋለም፣ ሉሙምባን በጥር 1961 የገደሉት ሌሎች ናቸው፣ ግን መርዙ በሻንጣ ሄዷል)። በዓመቱ ፕሬዚዳንት ፎርድ ፖለቲካዊ ግድያን በትእዛዝ ከለከለ። ማለትም ተመርምሮ ሲወጣ ይገደባል። የብሪታንያው ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው የሄደው፣ በ2021 ስውር ወኪሎች ወንጀል እንዲሠሩ ፈቃድ መስጠት የሚያስችል ሕግ አወጡ። ቢያንስ ተጽፏል የሚል አለ፣ እኔ ያሳስበኛል ምክንያቱም ገደቡ ምን ምን ወንጀል እንደሆነ ዘርዝሮ አላስቀመጠም።

ፊልም ወዳድ፦
እሺ የፈረንሳዩን የሚከላከል አንደበት የለኝም። ግን እናንተ ሁሉ የምትሉት ውጭ አገር ስለሚሄድ ቡድን ነው። የገዛ አገር ውስጥ የሚሠራው ስውር ፖሊስ ሰው ያድናል፣ የወንበዴ ቡድን ውስጥ ካልተገባ እንዴት ይሰበራል?

እህታችሁ፦
የገዛ አገር ውስጥ ስላልክ ነው የገባሁት። ለንደን ፖሊስ ከ1968 ጀምሮ ለ40 ዓመት ያሠራው አንድ ስውር ክፍል ነበረ፣ የተላኩት ወንበዴ ውስጥ ሳይሆን በአብዛኛው የፖለቲካና የመብት ቡድኖች ውስጥ ነው። ከወኪሎቹ ብዙዎቹ በልጅነታቸው የሞቱ ሕፃናትን ስም ወስደው ነበር የሚኖሩበት፣ ወላጆቹ አያውቁም። እና ሴቶችን ወደዱ፣ አብረው ኖሩ፣ ለዓመታት። አንዷ በ1985 ወለደችለት፣ ልጁ ገና ትንሽ ሳለ ሰውዬው ፖሊስ እየፈለገኝ ነው ብሎ ጠፋ። ማን እንደሆነ ያወቀችው በ2012 ጋዜጣ ስታነብ ነው። ከ20 ዓመት በላይ ቆይታ! እስቲ አስቡት፣ ልጇ አባቴ የት ነው ሲላት ስትመልስለት የኖረችው መልስ ሁሉ መንግሥት የጻፈላት ውሸት ነበር። ፖሊስ በ2014 425 ሺህ ፓውንድ ከፈላት፣ በ2015 ሌሎች 7 ሴቶችን በይፋ ይቅርታ ጠየቀ፣ ግንኙነቶቹ አሳሳችና ክብር የሚነኩ እንደነበሩ አምኖ።

ተከታታዮቹ ላይ ሰላዩ አንዷን ሲያፈቅራት አስመስሎ ሚስጥር ሲያወጣ ሙዚቃው ምን ዓይነት ነው? ጎበዝ የሚል ሙዚቃ ነው። ሴትየዋ ከዛ ክፍል በኋላ የት ሄደች ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ምክንያቱም በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ አገር ናቸው። ዘ አሜሪካንስ የሚባለው ከ2013 እስከ 2018 የታየው የስለላ ተከታታይ ግን ለዚህ ነው የተለየብኝ። የፈጠረው ጆ ዋይስበርግ ራሱ የቀድሞ የሲአይኤ ሰው ነው፣ እዛ ላይ የተታለለችው ማርታ ሲዝን ከሲዝን አብራን ትቆያለች፣ ፊቷ ሲጠወልግ ታያለህ፣ መጨረሻዋንም ያሳዩሃል። ስለዚህ ስለላ ይታይ ነው የምለው፣ ግን ሂሳቡን የሚከፍለው ሰውም አብሮ ይታይ።

ዝምታ ወርቅ፦
ይሄን አላውቅም ነበር። የሕፃናቱ ስም ነገር ከበደኝ። ጦርነት ላይ ያልኩትን አልመልስም፣ ይሄ ግን ጦርነት አይደለም።

ክትባት ላይ የምሠራ፦
እኔ ደግሞ ሽፋን ስለሚሉት ነገር ነው። ሚሽን ኢምፖሲብል ላይ ስንቴ ነው ሐኪም መስለው የሚገቡት? ነጭ ጋዎን ይለብሳሉ፣ ወረርሽኝ አለ ይላሉ፣ በሩ ይከፈትላቸዋል። ሲታይ ጥሩ ዘዴ ነው። በ2011 ሲአይኤ ፓኪስታን አቦታባድ ላይ ቢን ላደን አለበት ብሎ የጠረጠረውን ግቢ ዲኤንኤ ለማግኘት ብሎ አንድ የአገሩን ሐኪም የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ዘመቻ አስመስሎ አሠራው። ሲወጣ ምን ሆነ? ክትባት ማለት ስለላ ነው የሚለው ወሬ ማስረጃ አገኘ። በሰኔ 2012 እዛው ፓኪስታን ዋዚሪስታን ላይ ታሊባን የፖሊዮ ክትባትን ከለከለ፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ ደግሞ የፖሊዮ ጠብታ ይዘው ቤት ለቤት የሚሄዱ ሴቶች በተከታታይ ተገደሉ። ከዛ በፊትም ጥርጣሬው ነበረ፣ ሁሉም የመጣው ከዚህ ነው አልልም፣ ግን እሳት ላይ ቤንዚን ነው የሆነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። ሐኪሙም በዛው ዓመት 33 ዓመት ተፈረደበት (ክሱ ወረቀት ላይ ሌላ ነበር)። ቡድኑ ሄደ፣ እሱ ቀረ። በ2014 ዋይት ሐውስ ከእንግዲህ ሲአይኤ ክትባትን ለሽፋን አይጠቀምም ብሎ ቃል ገባ፣ የጠየቁት የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት ዲኖች ናቸው።

የማታ ተመልካች፦
እህቶቼ ሁለታችሁም የኔን ልዩነት አንድ እርምጃ ወሰዳችሁት። እኔ ክህደቱ ማንን ይጠብቃል ነበር ያልኩት፣ እናንተ ግን ገና ሳይካድ በፊት የማንን ስም ተበደሩ ነው የምትሉት። የሐኪሙን ጋዎን፣ የሞተውን ልጅ ስም፣ የሙሽሮችን ቀለበት። ሜንዴዝ የተበደረው የሌለ ፊልም ነው፣ ባለቤት የለውም፣ ፓስፖርቱንም ቢሆን የካናዳ መንግሥት ወዶና አውቆ ነው የሰጠው።

ፊልም ወዳድ፦
ይሄኛው አነጋገር ገባኝ። ካሁን በኋላ ጋዎን ለብሰው ሲገቡ ሳይ አንቺን አስባለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፣ ቢን ላደንን ለመያዝ ሌላ መንገድ ባይኖርስ?

ክትባት ላይ የምሠራ፦
የክትባቱ ዘዴ እኮ የፈለጉትን ዲኤንኤ አላመጣላቸውም እየተባለ ነው የተዘገበው። ቢያመጣም መልሴ አይቀየርም። እኛ በር ስናንኳኳ እናትየዋ ልጇን በክንዷ እንደያዘች መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ መርፌው አይደለም፣ ማን ላካችሁ ነው የምትለው። እስካሁን እውነቱን ስነግራት በሩን ከፍታልኛለች።