ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ያለችውን የቫሳን የጦር መርከብ እንዴት ላንሳ?

ጥያቄ (መምህርቷ ከጅሬን)፦
ጤና ይስጥልኝ። የታሪክ መምህርት ነኝ። በሚቀጥለው ወር ለሥልጠና ከጅማ ወደ ስቶክሆልም ስለምሄድ፣ ቫሳ የተባለችውን የጦር መርከብ ለተማሪዎቼ ፎቶ ላነሳላቸው አስቤአለሁ። መርከቧ እ.ኤ.አ. በ1628 የመጀመሪያ ጉዞዋን ጀምራ 1300 ሜትር ያህል እንደሄደች ሰጥማ፣ ከ333 ዓመታት በኋላ በ1961 የወጣች ናት። አሁን የምትገኝበት የስቶክሆልም ሙዚየም እንጨቷ እንዳይጎዳ ብርሃኑን ሆን ብሎ ቀንሶታል። ያለኝ ባለ 18–55 ሚሊሜትር ሌንስ ካነን ካሜራ ነው፤ ቤት ውስጥ ያነሳሁት ሁሉ ብዥ ይልብኛል። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ (ሠርግ አንሺው ከሄርማታ)፦
ፍላሹን ያጥፉት። የካሜራ ፍላሽ ከጥቂት ሜትሮች አያልፍም፤ መርከቧ ግን ከፊቷ ከተዘረጋው ምሰሶ ጋር 69 ሜትር ስለምትረዝም፣ ከፊትዎ ያለው መከለያ ብቻ ነጥቶ የቀረው ይጨልማል። ሌንሱን 18 ላይ (ሰፊ እይታ ላይ) አድርገው ብርሃን የሚያስገባውን ቀዳዳ እስከ 3.5 ይክፈቱ (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፤ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚወስነውን ቁጥር) ከ1600 እስከ 3200 ያድርጉ፤ ሸተሩ (ብርሃን ለማስገባት ተከፍቶ የሚዘጋው መጋረጃ) ከ1/30 ሰከንድ እንዳይዘገይ ይጠብቁ። 55 ላይ ሲያቀርቡ ቀዳዳው ወደ 5.6 ስለሚጠብና የእጅ መንቀጥቀጥም ይበልጥ ስለሚታይ፣ ሸተሩን ወደ 1/60 አፍጥነው አይኤስኦውን እስከ 6400 ቢያደርሱት አይፍሩ። ኖይዝ (አሸዋ የመሰለ ነጠብጣብ) ያለበት ፎቶ ለክፍል ይበቃል፤ ብዥ ያለው ግን አይታረምም። ክርንዎን ከጎንዎ አጣብቀው ሦስት አራት ጊዜ አከታትለው ያንሱ።

መልስ (እዚያ የተማርኩ፣ አሁን ቆጪ)፦
መርከቧን በአንድ ፎቶ ለማስገባት ብዙ አይድከሙ። ሙዚየሙ በዙሪያዋ ፎቅ በፎቅ የተሠራ ስለሆነ ከታች የቀፎዋን ግዝፈት፣ ከላይ የኋላዋን ቅርጻ ቅርጽ ያንሱ፤ እኔ እዚያ ከተቀረጹት አንበሶች ፊት ረጅም ሰዓት ቆሜአለሁ። በአዳራሹ ውስጥ በ1 ለ10 መጠን የተሠራ ባለ ቀለም አምሳያ አለ፤ ከኋላው ዋናዋ መርከብ እንድትታይ አድርገው ካነሱት፣ ዛሬ የጠቆረው እንጨት በዘመኑ እንዴት ያሸበረቀ እንደነበር ለተማሪዎችዎ ያለ ብዙ ማብራሪያ ይገባቸዋል። የእንጨቱን ቀለም በኋላ ለማስተካከል በራው (ካሜራው ሳያቀነባብር በሚያስቀምጠው የፎቶ ፋይል ዓይነት) ያንሱ።

ጥያቄ (መምህርቷ)፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ) ልያዝ?

መልስ (ሠርግ አንሺው)፦
መፈቀዱን አስቀድመው ሙዚየሙን በኢሜይል ይጠይቁ፤ እኔ ግን ያለ እሱ መለማመዱን እመርጣለሁ። ቤትዎ ውስጥ ጠቆር ያለ ቁም ሣጥን ካለ፣ አመሻሽ ላይ መጋረጃውን ጋርደው በነገርኩዎት ቁጥሮች ያንሱትና ፎቶውን አጉልተው ይዩት። የእንጨቱ መስመር ጥርት ብሎ ከታየ እጅዎ ደርሷል።