ከባቄላ ኖጁል ራይዞቢየም ማውጣት፦ ፕሌቱ በማግስቱ ይሞላል፣ ችግሩ የት ነው?

ተመራቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የመመረቂያ ጥናቴ ከባቄላ ኖጁል (ሥሩ ላይ ካለው እብጠት) ራይዞቢየም (ናይትሮጅን የሚይዘውን ባክቴሪያ) አውጥቶ መለየት ነው፤ ያለሁት አዲስ አበባ ነው። ኖጁሎቹን 70% አልኮል ውስጥ 1 ደቂቃ፣ በውሃ በቀጠነ በረኪና ውስጥ ሌላ 1 ደቂቃ አቆይቼ፣ ሁለት ጊዜ በዲስቲልድ ውሃ አለቅልቄ ጨፈለቅኋቸው። ከዚያ ኮንጎ ሬድ የሚባል ቀይ ቀለም ያለበት የይስት ማኒቶል አጋር (ባክቴሪያ የሚበቅልበት ሚዲያ) ላይ ስትሪክ አድርጌ (በመስመር አሰራጭቼ) 28 ዲግሪ ላይ አስቀመጥኩ። በማግስቱ ደረቅና የተሸበሸቡ ነጭ ኮሎኒዎች ፕሌቶቹን ወረሷቸው፤ በ3ኛው ቀን ደግሞ ቀያይ ኮሎኒዎች ብቅ አሉ። አውቶክሌቩ (በእንፋሎት ግፊት ከጀርም የሚያጸዳው ማሽን) በ15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ለ15 ደቂቃ ነው የሚሠራው። አማካሪዬ ንጹሕነቱ ሳይረጋገጥ ለ16ኤስ (ባክቴሪያው በጂኑ ንባብ ለሚለይበት ምርመራ) አይላክም ብለዋል። የቱ ጋ ነው የተበላሸው?

የኖጁል ነገር፦
በማግስቱ ፕሌት የሚሞላ ነገር የባቄላ ራይዞቢየም አይደለም፤ እሱ 28 ዲግሪ ላይ በደንብ የሚታይ ኮሎኒ ለመሥራት ከ3 እስከ 5 ቀን ይፈልጋል። ደረቅ፣ የተሸበሸበና ፈጣን ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ባሲለስ ነው። ግራም ስቴይን (ባክቴሪያን በቀለም መለያ ዘዴ) አድርጊ። ሐምራዊ ዘንግ ሆኖ ውስጡ ቀለም ያልገባበት ሞላላ ቦታ ካየሽ ስፖር (ባክቴሪያው ክፉ ጊዜ የሚያልፍበት ጠንካራ ቅርጽ) ነው፣ ነገሩ አለቀ። ራይዞቢየም ሮዝ ዘንግ ነው፣ ስፖር የለውም።

ስፖር በአልኮል አይሞትም። የአልኮሉ ሥራ የኖጁሉን ገጽ አርሶ የአየር አረፋውን ማስለቀቅ ስለሆነ 10 ሰከንድ ይበቃዋል። የሚገድለው በረኪናው ነው። የሱቁ በረኪና 5% የሚል ከሆነ እኩል በእኩል ከውሃ ጋር ቀላቅለሽ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ አቆዪ። ተከፍቶ የሰነበተ በረኪና ኃይሉ ስለሚደክም አዲስ ጠርሙስ ክፈቺ፣ የምታቀጥኚውም በዕለቱ ይሁን። ዲስቲልድ ውሃ ደግሞ ከባክቴሪያ የጸዳ ውሃ ማለት አይደለም። በአውቶክሌቭ ያለፈ ውሃ 5 ወይም 6 ጊዜ እየቀየርሽ አለቅልቂ፤ በረኪና ከቀረበት ስትጨፈልቂው ራይዞቢየሙንም ይዞት ይሄዳል።

ብዙ ተማሪ የሚዘለው አንድ ነገር አለ፦ ከመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ 0.1 ሚሊ ሊትር ወስደሽ ለብቻው ፕሌት ላይ ዘርጊ። ያ ፕሌት ካበቀለ የዚያን ዕለት ሥራ በሙሉ ጣይው።

ኖጁሉንም በጣት አትልቀሚው። በግራና በቀኙ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ሥር አስቀርተሽ በመቀስ ቁረጪ፤ ፎርሴፕሱ የሚይዘው ያችን ሥር እንጂ ኖጁሉን አይደለም። የተቀደደ ኖጁል በረኪናውን ወደ ውስጥ ይመጥጣል። ከመካከላቸው አንዱን ሰንጥቀሽ እዪ። ውስጡ ሮዝ ከሆነ ሌግሄሞግሎቢን (ሮዝ ቀለሙን የሚሰጠው ፕሮቲን) አለው፣ ናይትሮጅን እየያዘ ነው። ወደ አረንጓዴ ወይም ቡኒ ከሄደ አርጅቷል፣ ተዪው። ባቄላው ማበብ ሲጀምር ሰብስቡ የሚባለው ለዚህ ነው።

ደጋ ላብ፦
15 ፒኤስአይ የሚለው መመሪያ ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው። ጌጁ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች የውጭው አየር ራሱ ቀላል ነው። 15 ላይ ስታቆሙት ውስጡ 121 ሳይሆን 117 ዲግሪ አካባቢ ነው ማለት ነው። በየ600 ሜትሩ 1 ፒኤስአይ ገደማ ሲጨመር ወደ 19 ይደርሳል። መጀመሪያ ግን ማሽኑ ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ግፊት እዪ። የማይፈቅድ ከሆነ ሴፍቲ ቫልቩን መነካካት የለም፤ ጊዜውን ወደ 40 ደቂቃ አርዝሚው። ቫልቩን ከመዝጋትሽ በፊትም አየሩ ሙሉ በሙሉ ይውጣ፣ አየር ከቀረ ጌጁ ይወጣል እንጂ ሙቀቱ አይደርስም። ምንም ያልተዘራበት ፕሌት ደግሞ ሁልጊዜ አብሮ ይቀመጥ። እሱ ካበቀለ ጥፋተኛው ኖጁሉ አይደለም።

አፈር ወዳድ፦
ስለ ቀያዮቹ ልጨምር። ራይዞቢየም ኮንጎ ሬድን እምብዛም አይመጥጥም፤ ኮሎኒው ነጭ ወይም ፈዛዛ ሮዝ፣ ክብ፣ የሚያብለጨልጭና ሙጫ የበዛበት ነው። አግሮባክቴሪየምን ጨምሮ ሌሎች ብዙዎች ቀለሙን ጥሩ አድርገው ይጠጡታል። ልዩነቱ ግን የሚታመነው በጨለማ ከበቀለ ብቻ ነው፤ ብርሃን ካገኘው ራይዞቢየሙም ይቀላል። ፕሌቶቹን በፎይል ጠቅልያቸው። የኢንኩቤተሩ በር መስታወት ከሆነ ቀዩን ሁሉ ለመጣል አትቸኩዪ።

ሚዲያውንም አመሳክሪ። ለ1 ሊትር ማኒቶል 10 ግራም፣ ይስት ኤክስትራክት 0.5፣ ዳይፖታሺየም ሃይድሮጅን ፎስፌት 0.5፣ ማግኒዚየም ሰልፌት 0.2፣ ጨው 0.1፣ አጋር 15 ግራም፣ ፒኤች 6.8፤ ኮንጎ ሬድ ከ0.25% ስቶክ 10 ሚሊ ሊትር። ይስቱን ማብዛት ለወራሪዎቹ ድግስ መደገስ ነው። ነጠላ ኮሎኒ እየወሰድሽ ቢያንስ 3 ጊዜ ደግመሽ ስትሪክ አድርጊ፣ ከዚያ ግሉኮስ ፔፕቶን አጋር ላይ ሞክሪው፤ እዚያ ጥቅጥቅ ብሎ ፈጥኖ ከበቀለ የምትፈልጊው አይደለም። ብሮሞታይሞል ብሉ (አሲድ ጠቋሚ ቀለም) ባለበት ማኒቶል አጋር ላይ የባቄላው ራይዞቢየም አሲድ ስለሚያመነጭ ቢጫ ያደርገዋል። ሰማያዊ ማድረግ ለአኩሪ አተሩ ብራዲራይዞቢየም የተለመደ ነው፣ ለባቄላ ግን አጠራጣሪ ነው።

ተመራቂዋ፦
በጣም አመሰግናለሁ። 16ኤሱ ከተነበበ በኋላ ተክል ላይ መሞከሩ ይቀራል ወይስ ግዴታ ነው?

አፈር ወዳድ፦
ግዴታ ነው። ከ16ኤሱም መቅደም አለበት። ኖጁል የሚያሠሩት ጂኖች በዚህ ባክቴሪያ ፕላስሚድ (ከዋናው ክሮሞሶም የተለየ የዲኤንኤ ቀለበት) ላይ ናቸው፤ 16ኤስ አያያቸውም። ለባቄላ የሚሆነውን ለክሎቨር ከሚሆነው እንኳ አይለይልሽም።

በአሲድ ታጥቦ አሲዱ በውሃ ተጠርጎ የወጣለትና አውቶክሌቭ የተደረገ አሸዋ አዘጋጂ። ልጣጩ ያልተሰነጠቀ የባቄላ ዘር መርጠሽ እንደ ኖጁሉ አጽጂና 1% ውሃ አጋር ላይ አብቅይው። በእያንዳንዱ ችግኝ ሥር ባክቴሪያው ለ3 ቀን ካደገበት ብሮዝ (ፈሳሽ ሚዲያ) 1 ሚሊ ሊትር አፍስሺ፤ ማዳበሪያው ናይትሮጅን የሌለበት ይሁን። ባክቴሪያ ያልተሰጠው አንድ ምድብ፣ በሊትር 0.5 ግራም ፖታሺየም ናይትሬት የሚያገኝ ሌላ ምድብ ያስፈልግሻል። ውሃ ስታጠጪ ሁልጊዜ ባክቴሪያ ካልተሰጠው ጀምሪ፤ በተቃራኒው ከሄድሽ ፍንጣሪው ይበክለዋል፣ ያ ማሰሮ ኖጁል ካወጣ ደግሞ ውጤቱ በሙሉ ዋጋ የለውም። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይተሽ ንቀዪ። እስከዚያ ድረስ ባክቴሪያው ፕሌት ላይ አይክረም፤ 20% ግሊሰሮል ውስጥ አድርገሽ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ፣ ቢቻል ከዚያም በታች፣ በሁለት ቱቦ አስቀምጪው።