ጥቆማ፦ ቅርፊቱ የሚያምር ዛፍ ለሱሉልታ ግቢ

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሱሉልታ ግቢ እያሳመርን ነው። ቅርፊቱ እየተላጠ ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ግራጫ የሚዥጎረጎረውን የቻይና ፓይን በስልክ አይቼ ልቤን ወሰደው። ከየት ልግዛ? ባሌ ባሕር ዛፍ ይበቃናል ባይ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ እኔም በዚህ ዛፍ ተሸውጃለሁ። ዛፉ እውነት ነው፤ ቤጂንግ ውስጥ በድሮ ቤተ መቅደሶችና ቤተ መንግሥቶች ግቢ ይታያል። ግን እድገቱ ዘገምተኛ ነው። ያ ዝንጉርጉር መልክ የሚመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ከሰባት ዓመት በፊት አንድ መንገድ ዳር ያለ ችግኝ ሻጭ “የቻይናው ነው” ብሎ ሦስት ችግኝ በውድ ሸጠልኝ። ብዙም ሳይቆይ ቅጠሉ እንደ ፈረስ ጭራ ተንዠረገገ። ለካ ፓቱላ የሚባለው ሌላ የፓይን ዓይነት ነው! የሁለቱም ቅጠል ብዙውን ጊዜ ሦስት ሦስት ሆኖ ስለሚወጣ ቆጥረሽ አትለዪውም። ርዝመቱን እዪ። የቻይናው አጭርና ደረቅ ያለ ነው፣ ከጣት ብዙም አይበልጥም። የፓቱላ ረጅምና የሚንጠለጠል ነው።

ልነቅለው ብዬ ተውኩት። ደግ አደረግኩ። ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት የላይኛው ግንድ ብርቱካንማ ነው፤ ልጣጩም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ሆኖ ይነሳል። ከታች ግን ጠቁሮ ይሰነጣጠቃል። የረገፈው ቅጠልም ከሥሩ ሣር አላበቅል ብሎኛል።

ለቅርፊት ከሆነ እኔ የምመርጠው ኮሶ ነው። ቀላ ያለ ቅርፊቱ እየተላጠ ይወርዳል፣ የሱሉልታን ብርድም ይችላል።

አገዛዙን በተመለከተ፣ መንገድ ዳር ምርጫም ክርክርም አለ፤ ግን ረጅሙን ችግኝ እያዩ መጓጓት አያዋጣም። ላስቲኩን ገልብጠሽ እዪ፤ ሥሩ ከታች ወጥቶ ከተጠቀለለ ተዪው። የመንግሥት ችግኝ ጣቢያ ያለው አነስ ያለ ችግኝ ይሻላል፣ ክረምት ሳይገባ ሂጂ። ግቢ የሚያስውቡ ድርጅቶች ደግሞ ተክለው ያስረክቡሻል፤ የደረቀውን እንደሚተኩ ግን በጽሑፍ ካልያዝሽ ዋጋ የለውም።

ሌላ መልስ፦ አፈሩ ዋልካ ከሆነ ጉድጓድ ውስጥ አትቅበሪው። አፈሩን ከፍ አድርገሽ ትከዪ፣ ሐምሌ ላይ ውኃ ይተኛበታል።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ኮሶ ፍለጋ እወጣለሁ። ለባሌ ስነግረው “ሆድሽን አመመሽ እንዴ?” አለኝ።