የተጠራሁበትን ዓላማ እንዴት ነው የማውቀው?

ጥያቄ
ሰላም ለእናንተ ይሁን። እባካችሁ «ጸልዪ» ብላችሁ ብቻ አትለፉኝ፤ እየጸለይኩ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ደረሰኝ ሳመሳክር ነው የምውለው። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ጸልዮልኝ «እግዚአብሔር ለትልቅ ነገር ይፈልግሻል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ያንን ነገር ስጠብቅ አለሁ። መስበክ አልችልም፣ መዘመርም አልችልም። ጌታ ፊት ስቀርብ «የሰጠሁሽን ምን አደረግሽበት?» ቢለኝ ምን እላለሁ? እናንተስ ጥሪያችሁን እንዴት አወቃችሁት?

መልስ 1
እህቴ፣ እስቲ ነህምያን እይው። የንጉሥ ጠጅ አሳላፊ እንጂ ነቢይም ካህንም አልነበረም። የኢየሩሳሌም ቅጥር እንደፈረሰ ሲሰማ ተቀምጦ አለቀሰ፣ ጾመ፣ ጸለየ። ወሬውን የሰማው በካሴሉ ወር፣ ሄዶ ቅጥሩን እንዲሠራ ንጉሡን የለመነው ደግሞ በኒሳን ወር ነው። በመካከሉ አራት ወር ገደማ አለ፤ እያዘነም ቢሆን ከሥራው አልቀረም። በኋላ ቅጥሩ በ52 ቀን አለቀ። ከሰማይ ድምፅ መጣለት አይልም፤ «አምላኬ በልቤ ያኖረውን» ነው የሚለው። እና ልጠይቅሽ፦ ሌላው ሰው አይቶ ሲያልፈው አንቺን እንቅልፍ የሚነሳሽ ነገር ምንድን ነው? ፍለጋውን ከዚያ ጀምሪ።

መልስ 2
አጭር ልበል። የእግዚአብሔር ፈቃድ አብዛኛው ተጽፎልናል። መቀደሳችን ፈቃዱ ነው (1ኛ ተሰ. 4፥3)፤ በሁሉ ማመስገናችንም (5፥18)። ይህን ይዘሽ ኑሪ። የተነገረሽን ቃል ደግሞ መርምሪው፤ «ሁሉን ፈትኑ» የሚለው እዚያው መልእክት ላይ ነው።

መልስ 3
ወንድሜ መልስ 2፣ ልክ ነህ፤ ግን የጠቀስከው ለሁላችንም የተጻፈ ነው። እሷ የምትጠይቀው የራሷን ድርሻ ነው፤ ሮሜ 12 ደግሞ ስጦታችን ልዩ ልዩ ነው ይላል። እህቴ፣ የኔን ልንገርሽ። እናቴ አልጋ ላይ ከዋለች ወዲህ የማስታምማት እኔ ነኝ። ጀርባዋ እንዳይቆስል ሌሊትም እየተነሳሁ አገላብጣታለሁ፣ አንሶላው ሥር እጄን አስገብቼ የተጨማደደውን አስተካክላለሁ፣ ከንፈሯ ሲደርቅ በእርጥብ ጨርቅ አረጥበዋለሁ። ይህን ጥሪ ብሎ የጠራልኝ ሰው አልነበረም። ከዚያ አባቷ የታመመባት ልጅ መጥታ «እንዴት እንደምታደርጊ አሳዪኝ» አለችኝ። እሷ ለሌላ ሰው ነገረች፣ ያም መጣ። ስጦታዬን ሰው ነው ያየልኝ። የዶርቃን ታሪክ አንብቢ፣ ሐዋርያት ሥራ 9። ስትሞት መበለቶቹ እያለቀሱ ለጴጥሮስ ያሳዩት እሷ የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ ነበር። ባስልኤልንም እይ (ዘጸአት 31)፤ የእግዚአብሔር መንፈስ የሞላበት ወርቅና ብር እንዲሠራ፣ እንጨት እንዲጠርብ ነው! ታዲያ ሒሳብ ምን ያንሰዋል? ዕዳ ያስጨነቀው ቤተሰብ፣ ገንዘቡ የት እንደሚገባ ግራ የገባው ሰው በዙሪያሽ ጠፍቶ ነው?

ጠያቂዋ
መልስ 3ን ሳነብ አለቀስኩ። በቅርቡ ባሏ የሞተባት አንዲት እህት፣ እሱ የተወውን ወረቀት ሁሉ በፌስታል ይዛልኝ መጥታ ነበር። አብረን ለየነው፤ የተከፈለውን ወደዚህ፣ ያልተከፈለውን ወደዚያ። «ይኼኛው ዕዳ እኮ አልቋል» ስላት እጄን ያዘችኝና ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችኝም። አገልግሎት ነው ብዬ ግን አስቤው አላውቅም። ለሌሎችም እንዲህ ልሥራ ብል ከየት ልጀምር?

መልስ 3
ለቤተ ክርስቲያንሽ አገልጋዮች ንገሪያቸው፤ የተቸገረውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የሰው ገንዘብ ጉዳይ ስለሆነ ግን ብቻሽን አትሁኚ፣ አንድ የታመነ ሰው አብሮሽ ይቀመጥ። ጳውሎስም ለቅዱሳን፣ ማለትም ለተቸገሩ አማኞች፣ የተዋጣውን ገንዘብ ሲያስልክ ማንም እንዳይነቅፈው ሌሎች ወንድሞች አብረው እንዲሄዱ አድርጓል (2ኛ ቆሮ. 8)። የዚያችን እህት ወረቀት ግን መጀመሪያ ጨርሺላት፤ ያልተከፈለው ገና አለ ብለሻል።