በማርች አጋማሽ እናቴን ወደ ቺንኩዌ ቴሬ ልወስዳት አስቤአለሁ፤ የትኛው መንደር ይሻላል?

ጥያቄ (ከሚላኖ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ የመጣችውን እናቴን በማርች አጋማሽ፣ በእኛ አቆጣጠር በመጋቢት የመጀመሪያ ሳምንት መሆኑ ነው፣ ለሁለት ቀን በጣሊያን ሊጉሪያ ባሕር ዳርቻ ወዳሉት አምስቱ የቺንኩዌ ቴሬ መንደሮች ልወስዳት አስቤአለሁ። ዕድሜዋ 68 ዓመት ሲሆን እስከ ዛሬ ባሕር በዓይኗ አይታ አታውቅም። ጉልበቷን ያማታል፤ ዐቢይ ጾምንም አጥብቃ ስለምትጾም ዓሣ እንኳ አትቀምስም። በፎቶግራፍ ያየኋቸው አምስቱ መንደሮች ሁሉም ገደል ላይ የተንጠለጠሉ ስለሚመስሉ እንዳላደክማት ሰግቻለሁ። የትኛው መንደር ይመቻታል? ወቅቱ ገና ክረምት ያልለቀቀው በመሆኑስ ሁሉም ነገር ተዘግቶ ይጠብቀን ይሆን?

መልስ 1 (ከላ ስፔሲያ)

ለመንደሮቹ ቅርብ በሆነችው በዚህች ከተማ መኖር ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆኖኛልና ያለማመንታት የምመክርዎ ሞንቴሮሶ እንዲያድሩ ነው። ከአምስቱ መንደሮች ሜዳ የሚባል ነገር ያለው እዚያ ብቻ ነው። ከጣቢያው እንደወጡ ፌጂና የተባለው አሸዋማ ዳርቻ ፊት ለፊት ስለሚገኝ እናትዎ ዳገት ሳይወጡ ባሕሩን ያያሉ፤ አሮጌው ሰፈርም አንድ አጭር መሿለኪያ ካለፉ በኋላ ነው። ከሚላኖ ቀጥታ በሚመጣው ባቡር ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ኮርኒሊያን ግን ለሌላ ጊዜ ያቆዩት፤ ከባሕሩ 100 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተቀመጠ መንደር ሲሆን፣ ከጣቢያው የሚያወጣው ደረጃ ከ370 በላይ መርገጫ አለው። አነስተኛ አውቶቡስ ቢኖርም ለታመመ ጉልበት ተመራጭ አይደለም።

አየሩን በሚመለከት፣ በማርች አንድ ቀን ፀሐይ ወጥቶ በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ሊዘንብ ይችላል፤ የባሕሩ ውኃም ከ13 እስከ 14 ዲግሪ ስለሆነ እግር ከመንከር ያለፈ ነገር አያስቡ። የአየር ሁኔታ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ የእግር መንገዶቹ ወዲያውኑ ይዘጋሉ። እንግዶች በዚህ ሲበሳጩ አያለሁ፤ ነገር ግን ጥንቃቄው ያለምክንያት የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 25 ቀን 2011 የወረደው ዶፍ ቬርናሳንና ሞንቴሮሶን በጭቃና በድንጋይ ሞልቷቸው ሰው ሞቷል። ወይንና ወይራ የሚበቅልባቸው እርከኖች ያለ ሲሚንቶ በተካቡ የድንጋይ ግንቦች የተያዙ ናቸው፤ ገበሬው መሬቱን ትቶ ወደ ከተማ ሲሄድና ግንቡ የሚጠግነው ሲያጣ አፈሩ ከጎርፉ ጋር ይወርዳል። እርከኖቹን ባየሁ ቁጥር የኮንሶ ገበሬዎች ትዝ ይሉኛል፤ ዩኔስኮ ይህንን ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1997፣ ኮንሶን ደግሞ በ2011 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ለተመሳሳይ የእጅ ሥራ ነው። እናትዎ ገጠር ያደጉ ከሆነ ከባሕሩ ይልቅ ይህ ሊማርካቸው ይችላል።

መልስ 2 (ከቦሎኛ)

በማደሪያው ነገር ከላይ ከጻፉት ጋር እስማማለሁ፤ ሆኖም ቬርናሳን ሳያሳዩአቸው እንዳይመለሱ አደራ እላለሁ። ጣቢያው መንደሩ ውስጥ ነው፤ ከዚያ አንዱ ዋና መንገድ ቀስ እያለ ወደ ትንሿ ወደብ ይወርዳል። እኔም እናቴን ይዤ የሄድኩት በማርች 8 ነበር። በዚያ ቀን ጣሊያኖች ለሴቶች የሚሞዛ አበባ ይሰጣሉና አንዲት ባለሱቅ፣ እንደ ዶቃ የተንዠረገገ ቢጫ አበባ ያለበት ዘለላ ለእናቴ ሰጠቻት። እናቴ ዘለላውን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ፣ ውኃው ዳር ከቆመው የቅድስት ማርገሪታ ቤተ ክርስቲያን ጎን ተቀምጣ ማዕበሉን ስታይ አንድ ሰዓት አለፈ፤ «እንሂድ» ስላትም እሺ አላለችም። በበጋ ቢሆን ኖሮ በዚያ ሕዝብ መካከል የምትቀመጥበት ቦታ ባልተገኘ ነበር።

ከአምስቱ መንደሮች መካከል በሆኑት በሪዮማጆሬና በማናሮላ መካከል ያለው «የፍቅር መንገድ» ርዝመቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ያነሰና ብዙም ዳገት የሌለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ድንጋይ ተንዶ ሰው በመጉዳቱ ለዓመታት ተዘግቶ ቆይቶ በ2024 ተከፍቷል። ይሁንና ለመግባት ሰዓት አስቀድሞ ማስያዝ ስለሚያስፈልግ ሳይመዘገቡ አይሂዱ።

መልስ 3 (ከጄኖቫ)

ስለ ጾሙ ማንም ስላላነሳ እኔ ልጨምር። ፋሪናታ የሚሉት የሊጉሪያ ምግብ ከሽምብራ ዱቄት፣ ከውኃ፣ ከወይራ ዘይትና ከጨው በቀር ምንም የለበትም። በሰፊ የመዳብ መጥበሻ በእንጨት ምድጃ ይጋገራል፤ ዳርና ዳሩ ቡናማ ሆኖ ሲንኮሻኮሽ፣ መሐሉ ለስላሳ እንደሆነ፣ ቁንዶ በርበሬ ተነስንሶበት በትኩሱ ይበላል። የሽምብራ ዓሣ ለለመደ የአገራችን ጿሚ እንግዳ የሚሆን አይመስለኝም። ላ ስፔሲያ ውስጥ በቀላሉ ያገኙታል። ፎካቻም በወይራ ዘይት ከሆነ ይበላል፤ አንዳንድ ጋጋሪ ግን የአሳማ ስብ ስለሚጨምር «ስትሩቶ አለበት ወይ?» ብለው ሳይጠይቁ አይግዙ። ፔስቶ አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ የጾም እንዳይመስልዎ፤ አይብ አለው። ደግሞም እስከ ፋሲካቸው የማይከፈቱ ምግብ ቤቶች ስላሉ በማታ ፍለጋ እንዳትንከራተቱ ምሳችሁን ጠገብ አድርጋችሁ ብሉ።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሞንቴሮሶ ለአንድ ሌሊት ክፍል ይዣለሁ። የመጀመሪያው ቀን ፌጂና ላይ ብቻ ይሆናል፤ በማግስቱ ዝናብ ከሌለ ጠዋት ቬርናሳ ወርደን የፈለገችውን ያህል ትቀመጣለች፤ ከሰዓት በኋላ ላ ስፔሲያ ላይ ፋሪናታ አስቀምሻት ወደ ሚላኖ እንመለሳለን። የፍቅር መንገዱን ጉልበቷን አይቼ እወስናለሁ። ስለ ሽምብራው ስነግራት «እንግዲያውስ ከቤት የምይዘው ቆሎ ብቻ ነው» ብላለች።