ከሂሳብ ሠራተኛነት ወደ ሥነ ልቦና አማካሪነት በየት በኩል ይገባል?

ዕድሜዬ 31 ሲሆን የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ በሂሳብ አያያዝ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ። አባቴ ካረፈ በኋላ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት አጥቼ ሁለት ዓመት ያህል በድባቴ ስሠቃይ እናቴ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ወሰደችኝ፤ ጎን ለጎንም በየሳምንቱ አንዲት አማካሪ ዘንድ እየሄድሁ፣ ቁጣ የሚመስለኝ ነገር ያልተለቀሰ ኀዘን እንደነበረ ቀስ በቀስ ተረዳሁ (ጸበሉም አማካሪዋም ረድተውኛል፤ አንዱን ከሌላው አላበላልጥም)።

ይህን ሙያ የመማር ፍላጎት ያደረብኝ ያን ጊዜ ነው። የሥነ አእምሮ ሐኪም ለመሆን አስቀድሞ ሕክምና መማር ስለሚያስፈልግ እሱን ትቼ፣ በምክር አገልግሎት ሥነ ልቦና ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር አመለከትሁ፤ ተቋሙ ግን የመጀመሪያ ዲግሪዬ ከዘርፉ ጋር አይዛመድም ብሎ መለሰኝ። በግሌ ባነብም፣ ጎረቤቶቼ ችግራቸውን ሲያዋዩኝ የእነሱን ኀዘን ከራሴ ጋር እየቀላቀልሁ ምክር ለመስጠት እንደምቸኩል አስተውያለሁና ያለ ሥልጠና መጀመር አልፈልግም። ሥራዬን መልቀቅ ስለማልችል ለትምህርት የሚተርፈኝ ማታና ቅዳሜ እሑድ ብቻ ነው።

ከሌላ ሙያ ወደዚህ የተሻገራችሁ፣ ሥነ ልቦናን ከመጀመሪያ ዲግሪ በማታው መርሐ ግብር እንደ አዲስ ልጀምር ወይስ ወደ ሁለተኛ ዲግሪው የሚያስገባ አጠር ያለ መንገድ አለ?