አንድ ላፕቶፕ ብቻ ዋይፋይ ሲዘገይበት ድሬዳዋ ውስጥ ምን ይገዛል፣ የት ይሠራል?

በቤቱ ያሉ ስልኮች ሁሉ ቪዲዮ ያለ መቆራረጥ እያሳዩ ላፕቶፑ ብቻ አንድ ገጽ ለመክፈት ደቂቃዎችን የሚወስድ ከሆነ፣ የወር ፓኬጃችሁን ለማሳደግም ሆነ አቅራቢ ለመቀየር አትቸኩሉ። ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ዓ.ም አገልግሎቱን ለደንበኞች መስጠት የጀመረው በእኛ ከተማ ስለሆነ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር የማወዳደር ዕድል አለን፤ ነገር ግን ለስልኮቹ የበቃ መስመር ለላፕቶፑ ያነሰው በመስመሩ ምክንያት አይደለም።

ከሁሉ በፊት የምጠቁመው ግዢ የኔትወርክ ኬብል ነው። ላፕቶፑን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝታችሁ ፍጥነቱን ለኩ። ከፈጠነ ጥፋቱ በዋይፋይ ካርዱ (ላፕቶፑ ውስጥ ያለው የዋይፋይ መቀበያ)፣ በድራይቨሩ (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ወይም በአንቴናው ላይ ነው፤ በኬብልም ከዘገየ ግን ከበስተጀርባ የሚወርድ የዊንዶውስ ማሻሻያን፣ ቪፒኤንን (ግንኙነቱን በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያዞር ፕሮግራም) ወይም ቫይረስን ፈልጉ። ጠረጴዛችሁ ከራውተሩ አጠገብ ከሆነ ኬብሉ ራሱ ዘላቂ መፍትሔ ስለሚሆን ሌላ ወጪ አያስፈልግም።

ችግሩ የካርዱ ሆኖ ከተገኘ፣ በታይዋን ገበያም ሆነ በከዚራ ሱቆች የዩኤስቢ ዋይፋይ አዳፕተር ስትጠይቁ ሞዴሉን ለዩ። የቲፒ-ሊንክ ደብሊውኤን725ኤን ዋይፋይ ከሚጠቀምባቸው የሬዲዮ ሞገዶች ብዙ ራውተሮች በሚጋሩት በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ የሚሠራና ጣሪያው 150 ሜጋቢት በሰከንድ የሆነ ስለሆነ፣ የጎረቤት ራውተር በበዛበት ሰፈር ብዙም አይጠቅማችሁም። አርቸር ቲ2ዩ ናኖ ግን በ5 ጊጋኸርዝ እስከ 433 ሜጋቢት ስለሚቀበል የእኔ ምርጫ እሱ ነው። 5 ጊጋኸርዝ ወፍራም ግንብን ለማለፍ ስለሚቸገር፣ እንደ ከዚራ ነባር ቤቶች ባሉ ግድግዳቸው ጠንካራ በሆኑ ቤቶች ለምትኖሩ ረጅም አንቴና ያለው ቲ2ዩ ፕላስ ይሻላል። ላፕቶፑን ይዛችሁ ሂዱና ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት እዚያው ሰክታችሁ ሞክሩት።

የውስጥ ካርድ ማስቀየር ለሚፈልጉ የኢንቴል ኤኤክስ210ን እመክራለሁ፤ ማስገቢያው የሚስማማ መሆኑን ግን ጠጋኙ ከፍቶ ያረጋግጥ። ኤኤክስ201 ከተወሰኑ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ጋር ብቻ ስለሚሠራ፣ ስሙ ቢቀራረብም ተቀያሪ ነው ብላችሁ አትግዙት።

ጠጋኝ ስለመምረጥ ጥቂት ልጨምር፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን ያለ አግባብ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። በድሬ ሙቀትና አቧራ ምክንያት ላፕቶፖች ለጽዳት ደጋግመው ይከፈታሉ፤ በዚያን ጊዜ ከካርዱ ጋር የሚያያዙት ሁለት ቀጫጭን የአንቴና ሽቦዎች ሳይሰኩ ሊቀሩ ይችላሉ። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ከራውተሩ ሥር ይሠራል፣ ጥቂት እርምጃ ሲርቁ ይሞታል። ስለዚህ ዋይፋዩ የዘገየው ላፕቶፑ ተከፍቶ ከተመለሰ በኋላ ከሆነ ይህንኑ ለጠጋኙ ንገሩት፤ ሽቦዎቹን ሳያይ «ፎርማት ይደረግ» የሚላችሁን ትታችሁ፣ በፊታችሁ ከፍቶ የሚያሳያችሁን ምረጡ።

ስልኮቹም አብረው የሚዘገዩ ከሆነ ነገሩ የመስመር ነው። ያን ጊዜ ለኢትዮ ቴሌኮም በ994 ደውላችሁ አስመዝግቡ፤ ወደ ሌላው አቅራቢ ለመዞር ካሰባችሁም ሽፋኑ ከሰፈር ሰፈር ስለሚለያይ፣ ውል ከመግባታችሁ በፊት ሲሙን በስልክ አስገብታችሁ ላፕቶፑ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ በምሽት ሞክሩት።